ባዶ ወንበር፣ ባዶ አዳራሽ

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ማክሰኞ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እዚህ ቨርጂኒያ፣ በርክ በምትባለው ሰፈራችን፣ አንድ አዳራሽ በር ላይ ቡናዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ምርጫ አስፈጻሚ ነኝ። የሚከፈለኝ አበል ለሰዓቱ ሲካፈል ለሰው የሚነገር አይደለም፤ ግን አንዴ ለምጄዋለሁ፣ መተው አቃተኝ። ቀኝ እጃችንን አንስተን ማልን። ጠረጴዛ ዘረጋን፣ የመራጮች መዝገብ ያለባቸውን ታብሌቶች ከፈትን፣ የድምፅ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ዜሮ ማሳየቱን አይተን ፈረምን። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ኃላፊያችን ወደ ውጭ ወጥታ ለመኪና ማቆሚያው "ምርጫ ጣቢያው ተከፍቷል!" ብላ ጮኸች።

የሰማት አንድ ሽኮኮ ብቻ ነበር።

እዚያው አዳራሽ ከአሥር ወር በፊት፣ ትራምፕና ሃሪስ ሲወዳደሩ፣ በሩን ሳንከፍት ሰልፉ የመኪና ማቆሚያውን ዞሮ ነበር። ልጅ ያዘለ፣ የሆስፒታል ልብስ የለበሰ፣ ታክሲውን ጥግ አቁሞ "ቶሎ ይሄዳል?" እያለ የሚጠይቅ። አሁን ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን በሩ ላይ አስረው ገቡ። ቀጥሎ ባልና ሚስት። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ማንም። የማሽኑ ቁጥር አንድ በአንድ ሲጨምር እያየሁ የማስበው ይህን ነበር፦ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑ በዚህ ቁጥር ላይ ተነሥቶ ስለ አገሪቱ ልብ ይተነትናል።

ያን ቀን የመረጥንለት የኮንግረስ ወንበር ባዶ የሆነው ጄሪ ኮኖሊ ስለሞቱ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የኖረ ሰው ኮኖሊን ያውቃቸዋል፤ መጀመሪያ የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ሊቀ መንበር ነበሩ፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የምክር ቤት ተወካያችን። ካንሰር እንዳለባቸው ዳግም በተመረጡ ማግሥት በኖቬምበር 2024 ተናገሩ፣ ሜይ 21 ቀን 2025 አረፉ። እንግዲህ የሕዝብ ተወካይ ሲሞት በፕሬዝዳንት ሹመት አይተካም፤ የማሟያ ምርጫ ይደረጋል። የእኛ ሰው "ስፔሻል ኤሌክሽን" ነው የሚለው፤ ያውም መኖሩን ከሰማ።

አንድ ወንበር ባዶ መሆኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ኮኖሊ ባረፉ ማግሥት ንጋት ላይ የትራምፕ ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 215 ለ214 አለፈ። ከዚያ ዓመት ማርች ወዲህ ሦስት የምክር ቤቱ ዲሞክራቶች ሞተው ነበር፦ የሂዩስተኑ ሲልቬስተር ተርነር፣ የአሪዞናው ራውል ግሪሃልቫ፣ የእኛው ኮኖሊ። "እነሱ ቢኖሩ ኖሮ ያልመጡት ሪፐብሊካኖችም ይጠሩ ነበር" የሚል አለ፤ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የማሟያው ቀን የሚቆረጠው በስቴቱ ገዥ መሆኑን ልብ በሉ። የቴክሳሱ ገዥ ማርች ላይ ለሞቱት ለተርነር ወንበር የቆረጡት ቀን ኖቬምበር 4 ነው፤ በዚያም ቀን ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ወንበሩ ይህን ስጽፍ፣ ዲሴምበር 2025 ላይ፣ ገና ባዶውን ነበር።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? ደንቡ ስለ ፖለቲካ እንዳናወራ ይከለክላል፤ ዓይናችንን ግን አልከለከለም። ጡረተኞች በዙ። በቨርጂኒያ መራጩ ስሙንና አድራሻውን በአፉ ወይም በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ እነዚህ ሰዎች እኔ ሳልጠይቃቸው ይናገሩ ነበር፣ ሥርዓቱን በቃላቸው የያዙ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞችም በዙ፤ ወይም የነበሩ ልበል። አንዲት ሴት የመታወቂያ ማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች፤ ማንጠልጠያው አለ፣ መታወቂያው የለም። ድምጿን ሰጥታ፣ ተለጣፊዋን ተቀብላ፣ ምንም ሳትል ወጣች። ሰሜን ቨርጂኒያ በዚያ ዓመት ምን እንደነበረች ለማያውቅ ሰው፦ በየቤቱ አንድ ከመንግሥት ሥራ የተቀነሰ ወይም "ነገ እኔ ነኝ" የሚል ሰው ነበር።

ማታ ውጤቱ መጣ። የኮኖሊ የቀድሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረው ጄምስ ዎኪንሾ ሪፐብሊካኑን ስቲዋርት ዊትሰንን ከአራት መራጭ የሦስቱን ድምፅ ያህል ወስዶ አሸነፈ። ዲሞክራት እዚህ ማሸነፉ ዜና አይደለም። ዜናው ልዩነቱ ነው፤ ሃሪስ በዚሁ ወረዳ ያሸነፉት በ34 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነበር፣ ዎኪንሾ ወደ 50 አደረሰው።

የማሟያ ምርጫ የሚነበበው እንዲህ ነው። ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ የሰነፍ ነው፤ በስንት አሸነፈ፣ በዚያው ቦታ በፊት ስንት ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ተሸናፊም ቢሆን ብዙ ሊናገር ይችላል። በ2017 ጆርጂያ ውስጥ ጆን ኦሶፍ የሚባል ወጣት ለዘመናት የሪፐብሊካን በነበረ የአትላንታ ዳርቻ ወረዳ ተወዳድሮ በካረን ሃንድል ከአራት ነጥብ ባነሰ ልዩነት ተሸነፈ። እስከዚያ ድረስ ለአንድ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶ አያውቅም ነበር፤ ዲሞክራቶች አለቀሱ። በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ ሉሲ ማክባዝ ያንኑ ወንበር ወሰደችው። ኦሶፍም ሴናተር ሆነ።

በዚያ ላይ ማርች 2018 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዲሞክራቱ ኮነር ላም ትራምፕ በ20 ነጥብ ገደማ ባሸነፉበት ወረዳ ከሺህ በማይሞላ ድምፅ ሲያሸንፍ፣ የኖቬምበሩ ነገር ከወዲሁ ሸተተ፤ ዲሞክራቶች 40 ያህል ወንበር ጨመሩ። ወደ ኋላ ብትሄዱ ደግሞ በጃንዋሪ 2010 ማሳቹሴትስ ውስጥ የቴድ ኬኔዲን ወንበር፣ የኬኔዲን!፣ ስኮት ብራውን የሚባል ሪፐብሊካን ወሰደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኦባማ 63 የምክር ቤት ወንበር አጡ። እነዚህን ሦስት ታሪኮች ያነበበ ሰው የማሟያ ምርጫን እንደ ቡና ስኒ ማንበብ ቢጀምር አይፈረድበትም። እኔም ጀምሬ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ ማውራት አለብኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስልሳውን አልፈዋል፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ዲሲን በታክሲ ዞረዋታል። እሳቸውና እኔ አንድ ዕድር ውስጥ ነን። በ2021 በቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ብዙ ኢትዮጵያዊ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥቶ ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ሲሠራ ጋሼም ከፊት ነበሩ፤ ቅዳሜና እሑድ በራሪ ወረቀት ሲያድሉ አይቻቸዋለሁ። ልክ በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2፣ ዋይት ሀውስ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ያንግኪን በ63 ሺህ ያህል ድምፅ አሸነፉ። "እኛ ነን የጣልናቸው!" ብለው ጋሼ ደወሉልኝ። እኔ እንደዚያ አላምንም፤ ሪፐብሊካኖች በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት ጉዳይ እስከ ኑሮ ውድነት ብዙ ነፋስ ነበራቸው፣ ኒው ጀርሲም ውስጥ ሊያሸንፉ ለጥቂት ነው የቀሩት። ግን ያን ምሽት ጋሼን ደስታቸውን አልቀማኋቸውም።

በ2023 ግን ተከራከርን። በጃንዋሪ ቨርጂኒያ ቢች ላይ አሮን ራውስ የሚባለው የቀድሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ዲሞክራት ነው፣ የሪፐብሊካን የነበረ የስቴት ሴኔት ወንበር ከ700 ባነሰ ድምፅ ነጠቀ፤ ያንግኪን ሊያሳልፉት ለፈለጉት ከ15 ሳምንት በኋላ ፅንስ ማቋረጥን ለሚከለክል ሕግ ያ ወንበር ሌላ ግንብ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፅንስ ማቋረጥን መብት በሻረ በሁለት ወሩ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ዲሞክራቱ ፓት ራያን ይሸነፋል ሲባል አሸንፎ ነበር፤ "ቀዩ ማዕበል" የተባለው የሪፐብሊካኖች ድልም በዚያ ኖቬምበር ሳይመጣ ቀረ። እና 2023 ሙሉውን ዲሞክራቶች በየስቴቱ በማሟያ ምርጫ ከሚጠበቅባቸው በላይ እየሄዱ ነበር። እኔ ስሌቴን ይዤ በዕድር ቀን ጋሼን "በ2024 ትራምፕ አይመለሱም፣ ቁጥሩ አልቋል" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚያ ምርጫ ላይ ነበርኩ?"

"አልነበሩም። እርስዎ መቼ ለትንሹ ምርጫ ይመጣሉ።"

"እንግዲህ እኔ ሳልኖር የተቆጠረ ቁጥር ነዋ።"

ሳቅሁ። ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ከላይ በነገርኳችሁ ሰልፍ ውስጥ ኮፍያቸውን ደፍተው ቆመው አየኋቸው። ለማን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም፣ አያስፈልግም። ትራምፕ ሰባቱንም ወሳኝ ስቴቶች ወሰዱ። ባይደን በ10 ነጥብ ባሸነፉባት ቨርጂኒያ ሃሪስ ስድስት እንኳ አልሞላላቸውም።

በኋላ ነው የገባኝ፣ የገባኝም በዕድራችን ነው። ዓመታዊው የዕድር ጉባኤ ላይ ሁሉም ይመጣል፤ የሚመጣው ለውይይቱ ሳይሆን ስለ መቅረቱ ቅጣት ስላለ፣ ምግብ ስላለ፣ ሰው ስለሚያገኝ ነው። አስቸኳይ ስብሰባ ሲጠራ ግን ማን ይመጣል? ሊቀ መንበሩ ላይ ቂም ያለው። ደንቡን በቃሉ የሚያውቀው። ሒሳብ ሹም የነበረውና የወረደው። እንግዲህ በአስቸኳይ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ቢወገዝ ዕድርተኛው በሙሉ ከዳው ማለት ነው? አይደለም። ግን ደግሞ ውሸት አይደለም፤ የተቆጣው ወገን ቁጣ ከሥራ ቀን እንቅልፍ የሚያስነሣ መሆኑን ነግሮናል፣ የሊቀ መንበሩ ወዳጆች ደግሞ ለእሱ ብለው ካልጋቸው እንዳልተነሡ።

የአሜሪካ ፓርቲዎች ባለፉት አሥር ዓመታት መራጭ ተቀያይረዋል። ድሮ ጡረተኛውና የተማረው፣ ማለትም ለትንሽ ምርጫም የሚመጣው፣ ይበልጡን ወደ ሪፐብሊካን ያደላ ነበር፤ ትንሽ ምርጫ ሲሆን ዲሞክራቶች ይፈሩ ነበር። አሁን ዲግሪ ያለው፣ ጋዜጣ የሚያነበው፣ የካውንቲውን የምርጫ ካላንደር ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጥፈው ወደ ዲሞክራት ሄዷል። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣው የታክሲ ሾፌር፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ወጣቱ ወንድ ደግሞ ወደ ትራምፕ አዘንብሏል። ስለዚህ ዛሬ ዲሞክራቶች አዳራሹ ባዶ ሲሆን ያተርፋሉ፣ ሲሞላ ይጨነቃሉ። በ2023 ያየሁት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ያልነበሩትን ሰዎች ግን አልቆጠረም።

ታዲያ የ2025ቱስ? ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ፣ መልሱ "ያው የ2023 ዘፈን ነው" ብቻ አይደለምና። አዮዋን ተመልከቱ። ጃንዋሪ 28 ቀን፣ ትራምፕ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ስምንት ቀን ቢሆናቸው ነው፣ ክሊንተን በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ዙሪያ ማይክ ዚመር የተባለ ዲሞክራት ትራምፕ በ21 ነጥብ ያሸነፉበትን የስቴት ሴኔት ወንበር ወሰደ። ወረዳው ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ የመረጠው ከ10 ሺህ ያነሰ ነው። አስቸኳይ ስብሰባ ነው፣ እሺ። ኦገስት ላይ ግን ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ ዲሞክራቷ ካተሊን ድሬይ ትራምፕ በ11 ነጥብ ያሸነፉበትን ሌላ የሴኔት ወንበር ከ10 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ደገመችው። ይህችኛዋ ወንበር ከምሳሌም በላይ ናት። በአዮዋ ሴኔት 50 መቀመጫ አለ፣ የገዥዋን ሹመኞች ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 34 ያስፈልጋል። ሪፐብሊካኖች ከዚያች ምሽት በኋላ 33 ቀሩ። አንዲት ከተማ በበጋ ማክሰኞ ለገዥዋ "ከአሁን በኋላ ለሹመት ከዲሞክራቶችም አንድ ሰው ትለምኛለሽ" አለቻት።

በፍሎሪዳም ኤፕሪል 1 ቀን ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም የምክር ቤት ወንበሮች ጠበቁ፣ ግን ከ30 ነጥብ በላይ የነበረው ልዩነት ወደ 15 ገደማ ወርዶ ነው የጠበቁት። ዲሴምበር 2 ቀን ማክሰኞ ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ሪፐብሊካኑ ማት ቫን ኤፕስ ዲሞክራቷን አፍቲን ቤንን በ9 ነጥብ ገደማ አሸነፈ፤ ትራምፕ እዚያ በ22 ነበር ያሸነፉት። የቴነሲውን ለየት አድርጌ አየዋለሁ፤ ገንዘብ ከሁለቱም ወገን ፈሰሰ፣ ትራምፕ ራሳቸው በስልክ ቀሰቀሱ፣ ሕዝቡም ለማሟያ ምርጫ ከለመደው በላይ ወጣ። አዳራሹ ባዶ አልነበረም፤ ልዩነቱ ግን ጠበበ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ "ዲግሪ ያላቸው ናቸው" ብዬ እተኛ ነበር። በእኛም ስቴት ኖቬምበር ላይ ዲሞክራቷ አቢጌይል ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ ገዥ ሆነው ተመረጡ፣ ዲሞክራቶችም ከመቶው የስቴቱ የዴሊጌቶች ምክር ቤት መቀመጫ 64ቱን ያዙ። እኔ ግን አንዴ ተቃጥያለሁ። የእኛ የገዥ ምርጫም ቢሆን የፕሬዝዳንት ዓመት አይደለም፤ ጋሼ በዚያም አልነበሩም።

ስለ ባዶ አዳራሽ ሳስብ አእምሮዬ ሳላዘው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከጎህ በፊት ተሰልፌ መርጫለሁ፤ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማዋ ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን የወሰደበት ጊዜ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ለዚያው ምክር ቤት፣ ከጎኑም ባዶ ለቀሩት የፓርላማ ወንበሮች ማሟያ ምርጫ ሲደረግ በሰፈራችን ጣቢያ በኩል አልፌ ነበር። ሰልፍ የለም። በረንዳው ላይ የቀበሌ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። ቅንጅት ፈርሷል፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን ጠቅልሎ ወሰደ። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው "አዲስ አበባ በሦስት ዓመት ልቧን ለወጠች" ሊል ይችል ነበር። አዲስ አበባ ግን ቤቷ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ምርጫ ውጤት ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰው መጣ ብዬ ነው። ልዩነቱ እዚህ በርክ ውስጥ ቤቱ የሚቀመጠው ሰው በሩ ተከፍቶለት ነው፤ ጋሼን ማንም አልከለከላቸውም። ባዶነቱ ግን ዓይን ላይ ያው ነው።

የማሟያ ምርጫ ሌላ ጠባይ ደግሞ አለው፦ ይወልዳል። ዎኪንሾ ወደ ኮንግረስ ከመሄዱ በፊት በካውንቲው ቦርድ የብራዶክ ዲስትሪክት ሱፐርቫይዘር ነበር፤ ሲሄድ ያ ወንበር ባዶ ሆነ። ለእሱም ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2025፣ ማሟያ ምርጫ ተቆረጠ። የዲሞክራቶቹ እጩ የካውንቲው ትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ፤ ካሸነፉ የእሳቸው ወንበር ባዶ ይሆናል፣ ለእሱም ሌላ። አንድ ሰው ሜይ ላይ ሞተው እኔ እስከ ክረምት አጋማሽ ንጋት 11 ሰዓት እነሣለሁ። እጩ አመራረጡም የራሱ ጉድ አለው። ጊዜ ሲያጥር ፓርቲው ራሱ በጥቂት ቦታ ጣቢያ ከፍቶ ያስመርጣል፤ ስሙም "የእሳት አደጋ ጣቢያ ቅድመ ምርጫ" ነው። እሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ዎኪንሾ በእውነት የተመረጠው ሴፕቴምበር ላይ ሳይሆን በዚያች በጁን 28 ቅዳሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ እንደዚህ ባለ ወረዳ የዲሞክራቶችን እጩነት ያገኘ ሰው ሥራውን ግማሽ በግማሽ ጀምሯል።

ትናንት ጋሼ በሬን አንኳኩ። የእትዬ፣ የባለቤታቸው፣ ሥራ በፀደይ ቆሟል፤ ከአንድ የመንግሥት ኮንትራት ጋር የተያያዘ ነበር። በጋውን ሙሉ "ይመለሳል" ሲሉ ነበር፣ አልተመለሰም። ጋሼ ቁጣቸውን ያወቅሁት በ2021 ስልክ ድምፃቸው ነው፤ ትናንት ደግሞ ያንኑ ድምፅ ሰማሁት፣ አቅጣጫው ዞሮ።

"ማክሰኞ ምርጫ አለ አሉ። ትንሿ።"

"አለ። ማን ነገረዎት?"

"እትዬሽ። ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?"

ከአሥር ዓመት በላይ ሳውቃቸው ለትንሽ ምርጫ ሰዓት ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ስልኬን አወጣሁ፣ አድራሻቸውን አስገባሁ። ካርታው ተከፈተ። የብራዶክ ዲስትሪክት ድንበር በመንገዳችን መሐል ይሄዳል፤ የእኔ ቤት ውስጥ ነው፣ የእሳቸው በማዶ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጋ አይደለም።"

ስልኩን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መንገዱን ቀና ብለው አዩ፣ ከበራቸው እስከ በሬ።